የታመነ ሰው ሒሳብ ለምን ይመረመራል?

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቁጥጥር ኮሚቴው ሳያስታውቅ ሄዶ የዕድሩን ገንዘብ መቁጠሩን ሪፖርት ባደረገ ጊዜ፣ ከወደ ኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ብድግ ብለው «እኚህን ሰው ስንት ዓመት ሙሉ አምነናቸው ስንኖር፣ ዛሬ ምን ብናይባቸው ነው እንደ ሌባ የምንፈትሻቸው?» ሲሉ ጠየቁ። አዳራሹም አጨበጨበላቸው። እኛ የኮሚቴው አባላት የሰጠነው መልስ አጭር ነበረ። «ደንቡ ስለሚያዝ ነው» አልንና ተቀመጥን። ገንዘብ ያዣችንም ቅር ብሏቸው ሁለት ወር ያህል ሰላምታቸው ሳይቀር ቀዝቅዞብን ከረመ። ገንዘቡ ግን ሙሉ ነበረ፤ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። ይህን አስቀድመን ካልተናገርን ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ ይይዛል።

ሆኖም የአባታችን ጥያቄ «ደንቡ ስለሚያዝ» ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ከኮሚቴያችን አባላት ገሚሶቻችን በሒሳብ ክፍል፣ ገሚሶቻችን በዕቃ ግምጃ ቤት ያረጀን ሰዎች ስለሆንን፣ ጥያቄው እቤታችን ድረስ ተከትሎን ገባ። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔት ላይ በተሰጠን ገጽ መልሱን በታሪክ መልክ ልናቀርብ አሰብን። ነገሩ የኛ ሰፈር ነገር ብቻ አይደለምና። ትልልቅ ኩባንያዎች፣ የምድር ባቡር ድርጅቶች፣ ባንኮች ሳይቀሩ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቀዋል፤ አንዳንዶቹም በጊዜው ባለመመለሳቸው ፈርሰዋል።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ኦዲት» የሚባለው ቃል የመጣው ከላቲን ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙ «መስማት» ማለት ነው። በድሮው የአውሮፓ ዘመን የጌታውን ርስት የሚያስተዳድረው ሹም ዓመቱ ሲደርስ ገቢና ወጪውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ የተመደቡት ሰዎችም ቁጭ ብለው ያዳምጡታል። ማንበብና መጻፍ ለጥቂቶች ብቻ በነበረበት ዘመን ሒሳብ የሚመረመረው በጆሮ ነበር ማለት ነው። የኛም ጸሐፊ ዓመታዊውን ሒሳብ ሲያነቡ እኛ አዳምጠን «ደግ፣ ይጽደቅ» እንል የለም? እንግዲያው በዚህ በኩል ከጥንቶቹ ብዙም አልራቅንም።

ከመስማት ወደ ማየት የተሻገረው ነጋዴው ሲበዛ ነው። የኢጣሊያ ከተሞች ነጋዴዎች እያንዳንዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በሰጪው አንድ ጊዜ በተቀባዩ ጎን መጻፍ ጀመሩ። ሉካ ፓቾሊ የሚባል የፍራንሲስካን መነኩሴ ይህንኑ የቬኒስ ነጋዴዎች ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮ ለዓለም አዳረሰው። ዘዴውን የፈጠረው እርሱ አይደለም፤ የጻፈው ግን እርሱ ነው። ሁለቱ ጎን እኩል ካልመጣ አንድ ቦታ ስሕተት አለ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ሁለቱ ጎን እኩል ስለመጣ ግን የተጻፈው እውነት ነው ማለት አይደለም። ሁለቱንም ጎን የሚጽፈው አንድ ሰው ከሆነ ውሸቱንም አስተካክሎ ሊጽፈው ይችላል። ከዚህ በታች የምናወሳው ሁሉ ከዚህች ቀዳዳ የገባ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የእንግሊዙን የሬድፓዝን ነገር እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ «ግሬት ኖርዘርን» የሚባል ትልቅ የምድር ባቡር ኩባንያ በለንደን ነበር። የኩባንያው ባለ አክሲዮኖች ብዙ ስለሆኑ፣ አክሲዮን ሲሸጥና ሲለወጥ በመዝገብ የሚያስፍር አንድ ክፍል ተቋቁሞለት ነበር። የዚህ መዝገብ ቤት ኃላፊ ሊዮፖልድ ሬድፓዝ ይባላል። ሬድፓዝ በከተማው የታወቀ ደግ ሰው ነበር። ለድሆች ይሰጣል፣ በበጎ አድራጎት ማኅበሮች ውስጥ ይሠራል፣ ቤቱም የተከበረ ነው። ደመወዙ ያን ሁሉ ኑሮና ያን ሁሉ ምጽዋት እንደማይችል ግን ማንም አልጠየቀም። ማን ይጠይቃል? ደግ ሰው ነዋ!

ዘዴው ቀላል ነበር። በመዝገቡ ላይ 250 ፓውንድ የተጻፈ አክሲዮን ካለ ከፊቱ አንዲት «1» ይጨምርበታል፤ 1,250 ይሆናል። የተረፈውን አንድ ሺህ ሸጦ ገንዘቡን ይወስዳል። እንዲሁም በሌለ ሰው ስም አክሲዮን ይመዘግብና ይሸጣል። ይህን ማድረግ የቻለው የዝውውሩን ወረቀት የሚቀበለውም፣ የሚያረጋግጠውም፣ በመዝገብ የሚጽፈውም እርሱና በእርሱ ሥር ያሉት ብቻ ስለነበሩ ነው። ኩባንያው በየጊዜው የትርፍ ድርሻ ሲያከፋፍል ታዲያ አንድ ነገር አልገጥም አለ። ለባለ አክሲዮኖች የሚከፈለው ድርሻ ኩባንያው አውጥቻለሁ ከሚለው የአክሲዮን ብዛት በለጠ። አሥር እንጀራ ተጋግሮ ለአሥራ አንድ ሰው ሙሉ ሙሉ እንጀራ እንደደረሰ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ነገሩ ፈነዳ። የጠፋው ከ200 ሺህ ፓውንድ በላይ ነበር፤ በዚያን ዘመን ገንዘብ እጅግ ከባድ ነው። ሬድፓዝ በ1857 መጀመሪያ ላይ ተፈርዶበት ዕድሜውን ሙሉ ወደ አውስትራሊያ እንዲጋዝ ተደረገ። መዝገቡን እንዲመረምር የተጠራው ዊልያም ዴሎይት የሚባል የሒሳብ ባለሙያ ሲሆን፣ የእርሱ ስም ዛሬም በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የኦዲት ድርጅቶች በአንዱ ላይ ይገኛል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የምንለው ነገር አለን። ኩባንያው ያን ጊዜም ኦዲተሮች ነበሩት። እነርሱ ግን የገንዘቡን መዝገብ ለብቻው፣ የአክሲዮኑን መዝገብ ለብቻው አዩ እንጂ ሁለቱን አላስተያዩም። መዝገብን ከመዝገብ ማስተያየት ማንንም ሌባ ማለት አይደለም፤ ያን ቢያደርጉ ኖሮ ግን ሬድፓዝ ገና በመጀመሪያው ሺህ ፓውንድ ላይ ይያዝ ነበር፤ ምናልባትም አይሞክረውም ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የአሜሪካ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ እኛን ያስገረመን ይኸኛው ነው። ፊሊፕ ሙዚካ የሚባል ሰው በኒው ዮርክ ከአባቱ ጋር አይብ ከውጭ አገር እያስመጣ ይነግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 የጉምሩክ መዛኞችን በጉቦ ይዞ የአይቡን ክብደት እያሳነሰ ቀረጥ ሲያጭበረብር በመገኘቱ ታሰረ፤ ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ በምሕረት ተለቀቀ። ቀጥሎ የሰው ጠጉር ንግድ ጀመረ። ያን ጊዜ የሴቶች የጠጉር አሠራር ብዙ የሰው ጠጉር ይፈልግ ስለነበር ረጅም ጠጉር ዋጋው ውድ ነው። ሙዚካም «ውድ ጠጉር የሞላበት ሣጥን ነው» የሚል ወረቀት ለባንኮች እያስያዘ ብዙ ገንዘብ ተበደረ። በ1913 አንድ ባንክ ተጠራጥሮ ሣጥኑን ቢያስከፍት ከውስጥ የተገኘው ዋጋ የሌለው ቁርጥራጭ ጠጉር ሆነ። ሁለተኛ ታሰረ።

እንዲህ ያለ ሰው ሦስተኛ ጊዜ ማን ያምነዋል ትላላችሁ? ስሙን ለወጠ። ዶክተር ፍራንክ ዶናልድ ኮስተር ሆነ፤ የአሜሪካ ታላላቅ ሰዎች በሚዘረዘሩበት መጽሐፍ ውስጥም ከጀርመን አገር ዩኒቨርስቲ የተመረቀ ሐኪም ተብሎ ተጻፈለት። እ.ኤ.አ. በ1926 ከ1833 ጀምሮ የቆየውን «ማኬሰን ኤንድ ሮቢንስ» የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ገዛና ፕሬዚዳንት ሆነ። ወንድሞቹንም በሌላ ስም ሌላ ሰው አስመስሎ በየክፍሉ አስገባቸው። አንዱ የዕቃ ማጓጓዣውን ይይዛል፤ አንዱ በዋናው ቢሮ ይሠራል፤ አንዱ ደግሞ ከውጭ ሆኖ የሌሉ ነጋዴዎችን ወረቀት ይጽፋል።

ሥራው እንዲህ ነበር። ኩባንያው ካናዳ ውስጥ ጥሬ መድኃኒት እንደገዛ ተደርጎ የግዢ ወረቀት ይጻፋል። ዕቃው በካናዳ መጋዘን እንደተቀመጠ ተደርጎ የመረከቢያ ወረቀት ይጻፋል። ለውጭ አገር እንደተሸጠ ተደርጎ የሽያጭ ወረቀት ይጻፋል። በያንዳንዱ ወረቀት ላይ የተለየ ድርጅት ማኅተም፣ የተለየ የታይፕ መኪና ጽሕፈት አለበት። ወረቀት ሁሉ ሙሉ ነው። ዕቃ ብቻ የለም! ኦዲተሮቹ በየዓመቱ መጥተው ወረቀቱን ከወረቀቱ ጋር አስተያይተው «ትክክል ነው» ብለው ፈርመዋል። በዚያን ዘመን መጋዘን ድረስ ሄዶ ዕቃውን በዓይን ማየት የኦዲተር ግዴታ አልነበረም።

ይህን የገለጠው ከውጭ የመጣ መርማሪ ሳይሆን የኩባንያው የራሱ ገንዘብ ያዥ ጁልያን ቶምሰን ነው። ቶምሰን ልቡን ያላስቀመጠው አንድ ነገር ነበር። የጥሬ መድኃኒቱ ክፍል በወረቀት ሁልጊዜ ያተርፋል፤ ትርፉ ግን አንድም ቀን በጥሬ ገንዘብ ወደ ካዝናው ገብቶ አያውቅም፤ ተመልሶ ሌላ ዕቃ ተገዛበት ይባላል። ደግሞም ሚሊዮኖች ያወጣል የተባለው ዕቃ የተገባለት የእሳት መድን እጅግ አነስተኛ ነበር። ቤቱ ሙሉ ንብረት ያለበት ሰው እንዲህ ያደርጋል እንዴ? እያለ መጠየቅ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1938 ዓመት መጨረሻ ላይ ሁሉም ወጣ። በኩባንያው መዝገብ ላይ ካለው ወደ 87 ሚሊዮን ዶላር ንብረት ውስጥ 19 ሚሊዮን ያህሉ የሌለ ነገር ሆኖ ተገኘ። ኮስተር ፖሊሶች ሊይዙት ሲመጡ ዲሴምበር 16 ቀን 1938 (ታኅሣሥ 7 ቀን 1931 ዓ.ም.) እቤቱ ራሱን በጥይት ገደለ።

ከዚህ በኋላ የአሜሪካ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር በ1939 ኦዲተሮች የዕቃ ቆጠራ ሲደረግ በቦታው ተገኝተው እንዲያዩ፣ ባለዕዳ የተባለውንም ሰው «እውነት ይህን ያህል አለብህ ወይ?» ብለው በቀጥታ እንዲጠይቁ ደነገገ። እንግዲህ የዕድራችን ደንብ «ድንኳኑ ይዘርጋ፣ ድስቱም ይቆጠር» የሚለው ከየት እንደመጣ ለሚጠይቁን ሰዎች መልሱ ይኸው ነው። ወረቀቱ ላይ 12 ድስት ስላለ ግምጃ ቤታችን ውስጥ 12 ድስት አለ ማለት አይደለም። ባለፈው ዓመት እኛው ራሳችን ስንቆጥር ሁለቱ ክዳን የላቸውም፤ አንዱም የኛ ሳይሆን በስሕተት ከሠርግ ቤት ተቀይሮ የመጣ ሆኖ አግኝተነዋል። የተሰረቀ የለም፤ ግን በቆጠራ ካልሆነ በምን ይታወቅ ነበር?

በ1941 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ሌላ ነገር ተደረገ። በየኩባንያው ውስጥ ተቀጥረው ሒሳብ የሚመረምሩ 24 ያህል ሰዎች ተሰባስበው የውስጥ ኦዲተሮች ማኅበር አቋቋሙ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆን ተርስተን ነበር። በዚያው ዓመት ቪክቶር ብሪንክ ስለዚሁ ሥራ መጽሐፍ አወጣ። የውጭ ኦዲተር በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ሒሳቡ እውነተኛ መሆኑን አይቶ ይሄዳል። የውስጥ ኦዲተር ግን ዓመቱን ሙሉ በቤቱ ይኖራል፤ ሥራው ሌባ መያዝ ሳይሆን አሠራሩ ራሱ ሌብነትንና ስሕተትን የሚጋብዝ እንዳይሆን ማየት ነው። ሌባ ይዞ የሚፎክር የውስጥ ኦዲተር፣ ብንታዘበው፣ ግማሽ ሥራውን አልሠራም።

በኛም አገር ነገሩ አዲስ አይደለም። የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምር ኮሚሽን በአዋጅ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1944 (በ1936 ዓ.ም.) ሲሆን፣ በ1961 እ.ኤ.አ. ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ሆኖ ተቋቁሟል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲሾም ይደነግጋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራን ሁሉ ደግሞ ሞዴል 19ን፣ ሞዴል 20ንና ሞዴል 22ን እናውቃለን። ዕቃ ፈላጊው በሞዴል 20 ይጠይቃል፤ አለቃው ይፈቅዳል፤ ግምጃ ቤቱ በሞዴል 22 ወጪ ያደርጋል፤ የተገዛው ሲገባ በሞዴል 19 ይረከባል። ስንቶቻችን ነን በዚህ ወረቀት ብዛት ስንራገም የኖርን! አንዲት እስክሪብቶ ለማውጣት ሦስት ፊርማ ምን ያደርጋል ብለናል። ሦስቱ ፊርማ ለእስክሪብቶዋ ሳይሆን ለሰዎቹ የቆመ መሆኑ የሚገባው ዘግይቶ ነው።

ምክንያቱም በማንኛውም ድርጅት ውስጥ፣ ኩባንያም ይሁን ዕድር፣ እያንዳንዱ ሥራ ሲፈታ አራት ነገር ይወጣዋል። አንዱ ይፈቅዳል፤ አንዱ ገንዘቡን ወይም ዕቃውን በእጁ ይይዛል፤ አንዱ ይጽፋል፤ አንዱ የተጻፈውን ካለው ጋር ያስተያያል። ለምሳሌ ድንኳን እንገዛ እንበል። ድንኳኑ ያስፈልጋል ያለው፣ ነጋዴውን የመረጠው፣ ገንዘቡን የከፈለው፣ ድንኳኑን ተረክቦ ያስገባውና በመዝገብ የጻፈው አንድ ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው መልአክ ቢሆን እንኳ ድንኳኑ ስንት ሸራ እንዳለው፣ ዋጋውም ትክክል መሆኑን ከእርሱ አፍ በቀር የምንሰማበት የለም። ስለዚህ በደንብ የተደራጀ ኩባንያ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ የታዘዘበትን፣ የተረከበበትንና ነጋዴው የጠየቀበትን። ሦስቱ ካልተስማሙ ብር አይወጣም። በደመወዝም እንዲሁ ነው። ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ የሥራ ቀኑን የሚቆጥረውና ገንዘቡን የሚያድለው አንድ ከሆነ፣ ያልተወለደ ሠራተኛ ደመወዝ ሲበላ ይኖራል።

ይህን መለያየት ቸል ማለት ምን እንደሚያመጣ የባሪንግስ ባንክ መጨረሻ ያሳያል። ባሪንግስ በለንደን እ.ኤ.አ. በ1762 የተቋቋመ ባንክ ነበር። በ1992 ኒክ ሊሰን የሚባል ወጣት ወደ ሲንጋፖር ቅርንጫፉ ላከ። ሊሰን በገበያ የሚገዛና የሚሸጥም ነበረ፤ የተገዛውንና የተሸጠውን ሒሳብ የሚያወራርደው ክፍልም በሥሩ ነበረ። ማለትም በላውም እርሱ፣ ሰፋሪውም እርሱ። የደረሰበትን ኪሳራ 88888 በሚል ቁጥር በተከፈተ ሒሳብ ውስጥ ደበቀው። (ስምንት ቁጥር በቻይናዎች ዘንድ የዕድል ቁጥር ነው ይባላል፤ ለባንኩ ግን አልሆነለትም።) ለንደን ያሉት አለቆች የሚያዩት ትርፍ ብቻ ስለነበር ጉርሻ ይሰጡታል።

እኛን የሚያንገበግበን ይህ ነው፤ በ1994 በጋ የባንኩ የውስጥ ኦዲተር ሲንጋፖር ድረስ ሄዶ፣ አንድ ሰው ሁለቱንም ሥራ መያዙ አደጋ መሆኑን፣ መለየትም እንደሚገባ ጽፎ ነበር። ወረቀቱ ለአለቆቹ ደርሷል። ማንም ግን አልፈጸመውም። ትርፍ የሚያመጣን ሰው ማን ያስቀይማል? በዚያው ዓመት መጨረሻ የተደበቀው ኪሳራ ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ደርሶ ነበር። በጃንዋሪ 1995 የጃፓኗ ከተማ ኮቤ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ገበያው ወደቀ፤ ሊሰንም ያን ለማካካስ ጨመረበት። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ኪሳራው 827 ሚሊዮን ፓውንድ ሆኖ ባንኩ ከሰረ፤ ከ230 ዓመት በላይ የኖረው ቤት አይ ኤን ጂ ለሚባል የሆላንድ ድርጅት በአንድ ፓውንድ ተሸጠ። ሊሰን ስድስት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። ምርመራ ተደርጎ ምክሩ ካልተፈጸመ ምርመራው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በዕድራችን ቃለ ጉባኤ ውስጥ «ወደፊት ይታያል» ተብለው የቀሩ ውሳኔዎች ስንት እንደሆኑ ቆጥረናል፤ ቁጥሩን ግን ለስብሰባው እንተወዋለን።

የወርልድኮምን ነገር ባጭሩ እንንገር። ይህ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር ነበር። የውስጥ ኦዲት ክፍሉን የምትመራው ሲንቲያ ኩፐር የምትባል ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ2002 እርስዋና ጓዶችዋ፣ በየወሩ እንደ ወጪ መጻፍ የሚገባው የስልክ መስመር ኪራይ እንደ ቋሚ ንብረት ተመዝግቦ አገኙ። ቤት ኪራይ ከፍሎ «ቤት ገዛሁ» ብሎ እንደመጻፍ ነው። የኩባንያው የገንዘብ ኃላፊ ምርመራውን እንድታቆየው ጠየቃት። አላቆየችም። ሰው እንዳያያቸው ሌሊት ሌሊት እየሠሩ 3.8 ቢልዮን ዶላር ያህል አወጡ፤ በኋላ ሲጣራ ወደ 11 ቢልዮን ደረሰ። ለአለቃዋ ሳይሆን በቀጥታ ለቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ አቀረበችው። በሐምሌ ወር ኩባንያው ከሰረ፤ ሥራ አስኪያጁ በርናርድ ኤበርስም በ2005 የ25 ዓመት እሥራት ተፈረደበት። በዚያው በሐምሌ 2002 አሜሪካ ባወጣችው ሕግ የኩባንያ መሪዎች ስለ ሒሳቡ ብቻ ሳይሆን ስለ ውስጥ ቁጥጥሩም በፊርማቸው እንዲጠየቁ ተደረገ። ኩፐር ለገንዘብ ኃላፊው ብቻ ተጠሪ ብትሆን ኖሮ ወረቀቷ የት ይደርስ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። የኛም ኮሚቴ ተጠሪነቱ ለሥራ አስፈጻሚው ሳይሆን ለጠቅላላ ጉባኤው እንዲሆን የጠየቅነው ለዚህ ነው፤ ሥልጣን ፈልገን አይደለም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከዓመታት በፊት በሌላ ሰፈር በሚገኝ አንድ ዕድር፣ ከመካከላችን ሁለታችን አባል ሆነን ሳለን፣ ገንዘብ ያዡ ድንገት በአንድ ሌሊት አረፉ። የተመሰገኑ ሰው ነበሩ፤ ማንም ቆጥሮባቸው አያውቅም። መዋጮውን የሚሰበስቡትም፣ ደረሰኝ የሚቆርጡትም፣ ደብተሩን የሚጽፉትም እርሳቸው ናቸው። ከሰልስቱ በኋላ ሣጥኑ ሲከፈት በደብተሩ ካለው ገንዘብ ብዙ ጎደለ። እርሳቸው የሉም፤ የሚጠየቅ የለም። ባለቤታቸው ማቅ ለብሰው እንደተቀመጡ ሰው በሹክሹክታ ያያቸው ጀመር። ዕቁባቸውን አቋረጡ፤ ለማርያም ማኅበር መሄድም ተዉ። ከሰባት ወር በኋላ ከሟቹ ኮት ኪስ ውስጥ አንዲት የባንክ ወረቀት ተገኘች፤ የጎደለው ገንዘብ እዚያ በዕድሩ ስም ገብቶ ኖሯል። ሰውየው ሌባ እንዳይዘርፋቸው ፈርተው አስገብተውት፣ በደብተር ሳያሰፍሩት ሞት ቀደማቸው። ዕድሩ ይቅርታ ጠየቀ። ሴትዮዋ ግን ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም።

በየሦስት ወሩ ሁለት ሰው መጥቶ ቆጥሮ ቢፈርም ኖሮ ያ የባንክ ወረቀት በሰባት ቀን ውስጥ ይታወቅ ነበር። ለዚህም ነው ሳጥን ስንቆጥር ሰው እየፈተሽን ነው የማንለው።

የኛም ጥፋት አለ፤ አንሸሽገውም። ገንዘብ ያዣችን ዘንድ የሄድነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እንግዶች ቡና ይዘው በተቀመጡበት ሰዓት ነበር። ሳያስታውቁ መሄድ የቆጠራው ደንብ ነው፤ በእንግዳ ፊት መቁጠር ግን ደንብ አይደለም፣ ነውር ነው። እንግዶቹ እስኪሄዱ ብንጠብቅ ምን ነበረበት። ለዚህ እርሳቸውንም ቤተ ሰባቸውንም በዚህ ገጽ ይቅርታ እንጠይቃለን። ደግሞም እኛን ማን ይቆጥረናል ለሚለው ጥያቄ እስካሁን መልስ አልነበረንም፤ የአባላቱ ስም ዝርዝርና የቀብር ክፍያ ማጽደቂያው በእጃችን ነው። ስለዚህ በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ሦስት ነገር እንዲወሰን እናቀርባለን፤ ደረሰኝ የሚቆርጠውና ደብተር የሚጽፈው ሰው እንዲለያይ፣ የባንኩ ወረቀት በየወሩ ከደብተሩ ጋር በሌላ ሰው እንዲስተያይ፣ የኛን የኮሚቴውን ሥራም ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሁለት አባላት በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያዩ።

ገንዘብ ያዣችንን በተመለከተ፣ ከፋሲካ በኋላ ራሳቸው ወደኛ መጡ። ያኔ የፈረምንበትን የቆጠራ ወረቀት አንድ ቅጂ እንድንሰጣቸው ጠየቁ። ሰጠናቸው። አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና «ይህን ለትልቋ ልጄ ነው የምሰጣት፤ ከመዋጮ ደብተሬ ጋር ታስቀምጠው» አሉን። የሚቀጥለው ቆጠራ መቼ እንደሆነ ግን አልነገርናቸውም፤ እርሳቸውም አልጠየቁንም።